ስካነሩ ይቆይ፤ መጀመሪያ መዝገቡን ያዙ

ጥያቄ፦ የአካባቢያችንን ታሪክ በዲጂታል ለማስቀመጥ የተሰባሰብን በጎ ፈቃደኞች ነን። ከየቤቱ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ አሮጌ ካሴት ሳይቀር መጥቶልናል። እስካሁን ከ2,000 በላይ ምስል ስካን አድርገናል፤ በስልክም አንስተናል። ግን ፋይሎቹ በሦስት ላፕቶፕ ተበትነዋል። ስማቸውም ማሽኑ የሰጣቸው ተራ ቁጥር ነው። የትኛው ፎቶ የማን እንደሆነ መለየት አቅቶናል። አንዳንድ ባለቤቶች «ንብረታችንን መልሱልን» ማለት ጀምረዋል። ያለን ገንዘብ ትንሽ ነው። ጥሩ ስካነር ብንገዛ ይሻላል ወይስ ድረ ገጽ ብናሰራ?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱም ይቆዩ። እናንተ ዘንድ የተበላሸው ምስሉ ከታሪኩ መለያየቱ ነው። ይህ ሳይስተካከል ስካነር ብትገዙ ስም የለሽ ፋይል በፍጥነት ይበዛላችኋል። ፎቶውን ዛሬ ስካን ባታደርጉት ለከርሞ ይደርሳል። «ይቺ ማን ናት?» ተብለው የሚመልሱት እናት ግን ለከርሞ ላይኖሩ ይችላሉ። ጉልበታችሁን መጀመሪያ እዚህ ላይ አውሉት።

ከሁሉ በፊት፣ በሦስቱ ላፕቶፖች ላይ ያለውን ሁሉ ፎልደሩን ሳትነካኩ ወደ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። «ጥሬ» ብላችሁ ሰይሙትና ማንም አይንካው። እዚያ ላይ ስም መቀየር፣ የተደጋገመ መሰረዝ፣ የተዘቀዘቀ ማቃናት የሚባል ነገር የለም። ለሥራ ሌላ ቅጂ አውጡ።

ከዚያ ፋይሎቹን በቀንና በሰዓት ደርድሯቸው። ብዙ ሰው ይህን ይዘነጋዋል፤ ትልቁ ፍንጭ ግን እሱ ነው። ስካን የሚያደርግ ሰው አንዱን ፖስታ ወይም አንዱን አልበም ጨርሶ ነው ወደ ሌላው የሚሄደው። በተከታታይ ደቂቃዎች የተነሱ 30 ምስሎች አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቤት የመጡ ናቸው። መሃል ላይ የ20 ደቂቃ ክፍተት ካያችሁ ባለቤቱ ተቀይሯል ብላችሁ ጠርጥሩ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። «የተፈጠረበት» የሚለው ቀን ፋይሉ ሲገለበጥ ሊቀየር ይችላል፤ «የተሻሻለበት» የሚለውን ተከተሉ። በካሜራ የተነሳ ከሆነ ደግሞ ምስሉ ውስጥ የተመዘገበው ቀን ይበልጣል። የዚያን ቀን ስካነሩ ላይ የነበረውን ልጅ ከጎናችሁ አስቀምጡና ምስሎቹን አብራችሁ እያያችሁ ጠይቁት። ሰው ምስሉን ሲያይ የማያስታውሰው ነገር የለም።

በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ግን ብዙም አይረዳችሁም። መጠኑ ተጨምቋል፤ የተነሳበት ቀንም ተራግፏል። ዋናውን ካነሳው ሰው ስልክ ላይ ፈልጉ። ወደፊት መላክ ግድ ከሆነ «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩ።

አሁን እጃችሁ ላይ ያለውን ዕቃ በየባለቤቱ ለይታችሁ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ለእያንዳንዱ ባለቤት አንድ ቁጥር ስጡ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ደግሞ በዚያ ሥር ሌላ ቁጥር። 014-003 ማለት የ14ኛው ባለቤት 3ኛ ዕቃ ነው። ፊቱ 014-003-1፣ ጀርባው 014-003-2 ይባላል። የፋይሉም ስም ይኸው ነው፤ ምንም አይጨመርበት። «ሰርግ የመጨረሻው አዲሱ» የሚል ስም ሰነባብቶ ራሳችሁንም ያምታታችኋል። ፊት ያሉትን ዜሮዎች አትዝለሉ፤ ያለ እነሱ 10 ቁጥር ከ2 ቀድሞ የሚደረደርበት ፕሮግራም ብዙ ነው።

ቁጥሩን ፎቶው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ። ቀለሙ ወደ ፊት ለፊት ይወጣል፤ ጫናውም ምልክት ይተዋል። የወረቀት ፖስታ አዘጋጁ። ፎቶው ከመግባቱ በፊት ፖስታው ላይ በእርሳስ ጻፉ። ፕላስተርና የሚለጠፍ ወረቀት ፎቶው አጠገብ አይድረስ።

«መልሱልን» ያሏችሁን ሰዎች ቅድሚያ ስጡ። ዕቃቸውን ቁጠሩ፣ ቁጥር ስጡ፣ ፋይሉን አገናኙ፣ አስፈርማችሁ መልሱ። ሰው ፎቶው በሰላም እንደተመለሰ ሲያይ ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ሁለተኛው አልበምም ከሳጥን ይወጣል። ከእንግዲህ ደግሞ ያለ መረካከቢያ ቅጽ አንድም ወረቀት አትቀበሉ። ቅጹ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለእናንተ። ስንት ዕቃ እንደመጣ፣ ከመምጣቱ በፊት የነበረበት ጉዳት፣ የሚመለስበት ቀን ይጻፍበት።

ፈቃዱም እዚያው ይጠየቅ። «ትፈቅዳላችሁ?» ብሎ በደፈናው መጠየቅ አይበቃም። ሦስት ምርጫ ስጧቸው፦ ለማስቀመጥ ብቻ፣ ለአካባቢው ሰው ለማሳየት፣ ኢንተርኔት ላይ ለማውጣት። የቤተሰብ ደብዳቤ የሰጠ ሰው ሁለተኛውን ፈቅዶ ሦስተኛውን ሊከለክል ይችላል፤ መብቱም ነው። ፎቶው እጁ ላይ ስላለ ብቻ የቅጂ መብቱ የእሱ ነው ማለት እንዳልሆነም አስታውሱ። ያነሳው ፎቶ ቤት ወይም ፎቶግራፈር ሊሆን ስለሚችል፣ የሚታወቅ ከሆነ ስሙ ይመዝገብ።

መዝገቡን በኤክሴል ያዙት፤ ይበቃል። ቁጥር፣ ባለቤት፣ ምን እንደሆነ፣ እነማን እንዳሉበት፣ የት፣ መቼ፣ ማን እንደነገራችሁ፣ ፈቃዱ እስከምን ድረስ እንደሆነ። ቁጥሩን ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን «ጽሑፍ» አድርጉት። አለዚያ ኤክሴል ዜሮዎቹን ይበላቸዋል፤ አንዳንዱን ቁጥር ደግሞ ቀን ነው ብሎ ይለውጠዋል። ለመጠባበቂያ በሲኤስቪ (ማንኛውም ፕሮግራም የሚከፍተው ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ስታስቀምጡም «ዩቲኤፍ-8» (UTF-8) የሚለውን፣ የአማርኛን ፊደል የሚይዘውን አማራጭ ምረጡ። ተራውን ከመረጣችሁ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ፋይሉ ሲዘጋ ምንም ስህተት ስለማያሳይ ጉዳቱን የምታውቁት ዘግይታችሁ ነው።

ሰዎችን ስትለዩ ሁልጊዜ ከተመልካቹ ግራ ጀምራችሁ ወደ ቀኝ፣ ከኋላ ረድፍ ወደ ፊት ሂዱ። ይህን ደንብ መዝገቡ አናት ላይ ጻፉት። ሽማግሌውን ስታነጋግሩ ድምፅ ቅዱ፤ ፎቶውን ስታቀርቡላቸው ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ ጥሩ። «አሁን የምናየው 014-003 ነው» ካላችሁ በኋላ የሚናገሩት ሁሉ ከምስሉ ጋር ይታሰራል። ያለዚያ «ይሄኛው ወንድሜ ነው፣ ይቺ እዚህ ጋ ያለችው…» የሚል ድምፅ ብቻ ይቀራችኋል። ጥርጣሬንም እንዳለ ጻፉት። «1962 ገደማ፣ እንደ ታላቅ እህታቸው አባባል» ከእርግጠኛ የሐሰት ቀን መቶ እጥፍ ይሻላል። ዓመቱ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ሁልጊዜ ይገለጽ፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ስህተት አንድን ፎቶ ከሌላ ዘመን ያስገባዋል።

የስካነሩን ነገር አጠር ላድርገው። ያላችሁ ተራ ጠፍጣፋ ስካነር ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ጽሑፍ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነበቡት ነጥቦች ብዛት)፣ የታተመ ፎቶ በ600 ዲፒአይ ይሁን። ጥቁርና ነጩንም በቀለም ስካን አድርጉ፤ የወረቀቱ መወየብ፣ ማህተሙ፣ የቀለሙ መደብዘዝ መረጃ ነው። «ራስ ሰር ማስተካከያ»፣ «አቧራ ማጥፊያ» የሚሉትን ሁሉ አጥፏቸው። ዋናውን ቅጂ ጥራቱን በማይቀንሰው የምስል ዓይነት በቲፍ (TIFF) አስቀምጡ፤ ለማሳያ የሚሆነውን ከእሱ በተጨመቀው በጄፔግ (JPEG) አውጡ። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ዲፒአይ ወደ 25 ሜጋባይት ይመጣል። 2,000 ምስል 50 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ዛሬ ይህ ለአንድ ሃርድ ዲስክ ምንም አይደለም። ስካነር መግዛት የሚያስፈልጋችሁ ኔጋቲቭ (ፎቶው የታተመበት ፊልም) ከበዛ ነው። ለ35 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ ከ3,000 ዲፒአይ ያላነሰ፣ ለፊልም የሚሆን መብራት ያለው ያስፈልጋል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ሳይሆን «ኦፕቲካል» የሚለውን፣ ስካነሩ በእርግጥ የሚያነበውን ቁጥር አንብቡ።

አልበም ከሆነ መጀመሪያ ገጹን እንዳለ፣ ከዚያ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ። ማን ከማን አጠገብ እንደተለጠፈ ራሱ ታሪክ ነው። የተጣበቀ ፎቶ ለመላጥ አትታገሉ። ከመስታወት ጋር የተጣበቀውን ከነመስታወቱ፣ መብራቱን ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ አድርጋችሁ፣ ያለ ፍላሽ አንሱት።

ባክአፑ ሦስት ቅጂ ይሁን፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ሕንፃ ውስጥ። ፍላሽ ዲስክ ከዚህ ቁጥር አይገባም። ለእያንዳንዱ ፋይል ቼክሰም አውጡለት። ይህ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አሻራ ነው፤ ነፃ ፕሮግራሞች ይሰሩታል። በዓመት አንዴ ድጋሚ አስሉ፤ አሻራው ከተለወጠ ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት ስለሆነ ከሌላው ቅጂ ትተካላችሁ። አሁን ካለባችሁ ዝብርቅርቅ ውስጥም ሁለቴ የተገለበጡትን የሚለይላችሁ ይኸው ነው። አሻራቸው አንድ የሆኑ ፋይሎች በእርግጥም አንድ ናቸው።

ድረ ገጹ መዝገቡ ሲሞላ ይደረስበታል። ያኔ ስብስብን በድረ ገጽ ለማሳየት የተሠራውን ኦሜካ (Omeka) የሚባል ነፃ ሶፍትዌር እዩት። ደብሊን ኮር በሚባሉት 15 መደበኛ የመረጃ መስኮች ላይ የተሠራ ስለሆነ የያዛችሁት ሠንጠረዥ ያለ ብዙ ድካም ይገባበታል።

የማይቆየው ካሴቱ ነው። ማግኔቱም ማጫወቻውም እያለቀ ስለሆነ ከፎቶው አስቀድሙት። ከማጫወታችሁ በፊት በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ፤ በስህተት ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት። በመቅጃ ፕሮግራሙ ላይ ያልተጨመቀውን የድምፅ ፋይል ዋቭ (WAV)፣ ጥራቱንም 48 ኪሎኸርትዝና 24 ቢት አድርጋችሁ ቅዱት። የ90 ደቂቃ ካሴት 90 ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። አንድ ሰው በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ይቀመጥ። ቴፑ ሲጮህ ወይም ሲንቀራፈፍ ወዲያው ያቁመው፤ ያን ካሴት ለባለሙያ ለዩት።