ሳይክል ማዝለል፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ባኒ ሆፕ ናቸው፤ እየነዱ፣ ያለ ምንም መወጣጫ፣ ሳይክሉን ከነሁለት ጎማው አንስቶ እንቅፋት መሻገር ማለት ነው።

የፊት ጎማዬ ይነሳል፤ የኋላው ግን ንቅንቅ አይልም። ክንዴ ደካማ ሆኖ ነው?

ክንድህን ተወው፤ ችግሩ ወገብህ ጋ ነው። ሁለቱን ፔዳሎች እኩል አድርገህ፣ ጉልበትህንና ክርንህን አጥፈህ ዝቅ በል። ከዚያ ክንድህን ዘርግተህ መቀመጫህን ወደ ኋላ ጎማው ውሰድ። የፊት ጎማው ብዙ ሳትጎትተው ይነሳል። አሁን ፔዳሉን ረግጠህ ቀጥ ብለህ ቁም፤ ወገብህ ወደ መሪው ይምጣ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄንን ነው፤ መሪውን ወደ ሆዱ ይጎትትና እንደተጎነበሰ ይቀራል። ከፍ ስትል መሪውን ወደ ፊት ገፋ አድርግ፣ ጉልበትህን ሰብስብ። የእግርህን ጣቶች ወደ ታች አዘንብለህ ፔዳሉን ወደ ኋላ ብትገፋው የኋላው ጎማ ተከትሎ ይነሳል።

ጓደኛህ ከጎን ሆኖ በስልክ ይቅረጽህ። ቪዲዮው ላይ አንዴም ቀጥ ብለህ ካልቆምክ፣ መልሱን አገኘኸው።

ሳይክሌ ከባድ ነው፤ ከፊት አሞርዛተርም አለው። በዚህ ይቻላል?

ይቻላል። አሞርዛተሩ ጉልበትሽን በመጠኑ ይበላብሻል፤ ባለ 20 ኢንች ጎማው ቢኤምኤክስም (ትንሹ የስፖርት ሳይክል) በእርግጥ ይቀላል። ግን ከክብደቱ በላይ የሚያስቸግረው ከፍ ያለ ኮርቻ ነው። እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጊው፤ ወጪ የለውም።

የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ስወጣ ጎማዬ ተነፈሰ። ጎሚስታው ካላማዳሪው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ አሳየኝ። ምስማር ነው?

አይደለም። የኋላ ጎማህ ጠርዙን ገጭቶ፣ ካላማዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መሃል ተጨፍልቋል። ነፋስ ጨምር። ጠርዙን እስክትለምድ ደግሞ በጠመኔ መስመር ላይ፣ ቀጥሎ በባዶ ካርቶን ላይ ተለማመድ። ካርቶን ቢገጩት አይቀየምም።

የዳኒ ማካስኪልን ቪዲዮ አይቼ ነው የጀመርኩት። እንደሱ ለመሆን ስንት ወር ይፈጃል?

ወር? ስኮትላንዳዊው በ2009 እ.ኤ.አ. አጥር ጫፍ ላይ ሲነዳ የሚታይበት ቪዲዮው ሲወጣ ኤድንብራ ውስጥ ሳይክል ጠጋኝ ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዘል የኖረ ሰው ነው። አጥሩን ለጊዜው እርሳው፤ ካርቶኑ ይበቃሃል።

የ12 ዓመት ልጄ «መንገድ ለሰው» (መንገድ ለመኪና የሚዘጋበት ቀን) በተዘጋጀ ቁጥር ሲዘል ነው የሚውለው። ልከልክለው?

እናቴ፣ ቢከለክሉትም ሰፈር ዞሮ መዝለሉ አይቀርም። ሄልሜት ያድርግ፤ ሰው ከሚተራመስበትም ራቅ ይበል። ሳይክሉን ግን እርስዎ ራስዎ ይፈትሹት። የፊት ጎማውን በሁለት ጉልበትዎ መሃል አጥብቀው ይዘው መሪውን ለማዞር ይሞክሩ፤ ጎማው ሳይዞር መሪው ብቻውን ከዞረ፣ ብሎኑ ሳይጠብቅ እንዳይነዳ። የመሪውን ጫፎችም ይዩ። መክደኛው ወልቆ ቱቦው ክፍት ከሆነ፣ ልጁ ሲወድቅ ሆዱን ክፉኛ ሊጎዳው ስለሚችል ዛሬውኑ ያስደፍኑት።