ታሪክ ተምሮ ሐኪም የሆነ ማን አለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሲሆን በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት እሠራለሁ። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ሐኪም እሆናለሁ» እያለች ነው ያደገችው፤ እኔም ሁለት ፈረቃ የምሠራው ለዚሁ ነው። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ሆነን «እማዬ፣ ሜጀሬን ታሪክ ላደርገው ነው» አለችኝ። ስኒው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ሕክምናውን ተውሽው ወይ?» ብላት «አልተውኩትም» ትላለች። እኔ በሀገር ቤት የማውቀው ሶሻል ሳይንስ የገባ ልጅ ሕክምና ፋኩልቲ ደጃፍ እንደማይደርስ ነው። ጓደኞቼም «ፕሪሜድ የሚባል ዲፓርትመንት አለ፣ እዚያ ትግባ» ይሉኛል። ለመሆኑ ታሪክ ተምሮ ሐኪም የሆነ ማን አለ? ልጄ እያታለለችኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ አላታለለችዎትም። እርስዎም ቢሆኑ የሁለት ሀገር ሥርዓት ተምታቶብዎ ነው እንጂ ያለ ምክንያት አልደነገጡም። በሀገር ቤት እኛ በምናውቀው መንገድ ሕክምና የሚገባው ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ነው፤ ስለዚህ ናቹራልና ሶሻል የሚለው ክፍፍል የአንድን ልጅ ዕጣ ይወስን ነበር። እዚህ ግን አብዛኛው ተማሪ አራት ዓመት ኮሌጅ ተምሮ ነው ወደ አራት ዓመቱ የሕክምና ትምህርት የሚሻገረው። ፕሪሜድ የሚባለውም በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዲፓርትመንት አይደለም፤ ወደ ሕክምና ለመሄድ ያሰበ ተማሪ ሁሉ የሚጠራበት ስም ነው። የታሪክ ተማሪም ፕሪሜድ ነው፣ የሙዚቃ ተማሪም እንደዚሁ።

የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚመለከቱት የተወሰዱትን ኮርሶች ነው። ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ትንሽ ይለያያል፤ በጥቅሉ ግን የአንድ ዓመት ባዮሎጂ፣ የአንድ ዓመት ጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ የአንድ ዓመት ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ የአንድ ዓመት ፊዚክስ፣ ሁሉም ከነላቦራቶሪያቸው፣ በዚያ ላይ ባዮኬሚስትሪ ነው። እንግሊዝኛና ስታቲስቲክስ የሚጠይቁም ብዙ ናቸው። እነዚህን ከጨረሰች ዲግሪዋ ላይ «ታሪክ» የሚል ቢጻፍ በር የሚዘጋባት የለም።

ማን አለ ላሉኝ፦ ሃሮልድ ቫርመስ አለ። ኮሌጅ የተማረው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪውንም የሠራው በዚያው ነው። ከዚያ በኋላ ሕክምና ተማረ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. በካንሰር ጂኖች ምርምር የኖቤል ሽልማት ተጋራ፤ በኋላም የአሜሪካን ብሔራዊ የጤና ተቋማት በዳይሬክተርነት መራ።

የራሴን ልንገርዎት። እኔ ባዮሎጂ የተማርኩት አጎቴ «ሐኪም የሚሆን ሰው ሌላ ምን ይማራል?» ስላለ ነው። በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን መሀል ከተማ ውስጥ ምድር ቤት ባለ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሞለኪውል የሚገጣጠምባቸውን የፕላስቲክ ኳሶችና ዘንጎች የገንዘብ መሳቢያው አጠገብ ደርድሬ አጠናለሁ፤ ጥቁሩ ካርቦን፣ ነጩ ሃይድሮጅን፣ ቀዩ ኦክስጅን ነው። አንድ ደንበኛ አይቶ «ለልጅህ ነው?» አለኝ። ልጅ አልነበረኝም። ደንበኛው ትኬቱን ሲያቀብለኝ የገነባሁት ይፈርሳል፣ እንደገና እጀምራለሁ። በዚያ ሴሚስተር ከኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ጋር ሴል ባዮሎጂና የዕፅዋት ፊዚዮሎጂ ደርቤ ነበር፤ የኋለኛውን የወሰድኩት ለባዮሎጂ ዲግሪው ክሬዲት ለመሙላት ብቻ ነው፣ የትኛውም የሕክምና ትምህርት ቤት አልጠየቀኝም። ኦርጋኒኩን ሲ አገኘሁ።

ኮርሱን ደግሜ ኤ ማይነስ አመጣሁ። የኮሌጁ አማካሪ «አሮጌው ተሰርዟል» ብሎኝ ነበር፤ በኮሌጁ መዝገብ ላይ በእርግጥም አልተቆጠረም። አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበሉበት አምካስ የተባለው የጋራ አገልግሎት ግን የተደገመን ኮርስ ሁለቱንም ውጤት ይቆጥራል። ይህንን የሰማሁት ማመልከቻውን ስሞላ ነው። የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ አማካይ ውጤትንም ለብቻው ያሰላል። ስለዚህ ለልጅዎ የምሰጋው ታሪክ በመምረጧ ሳይሆን «የታሪክ ተማሪ ነኝ» ብላ ኬሚስትሪውን ቸል እንዳትል ነው፤ የታሪክ ኤ የኬሚስትሪን ሲ አይሸፍንም።

በዚያው ኮሌጅ ለጠቅላላ ትምህርት ግዴታ አንድ የታሪክ ኮርስ ወስጄ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ስለመታው የኅዳር በሽታ ጽፌ ነበር። አያቴ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስባ ስታጥን አይቼ አድጌያለሁ፤ ልማዱ ከዚያ ወረርሽኝ ጋር እንደሚያያዝ ግን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ማንም ሳይገፋኝ የጻፍኩት ብቸኛው ወረቀት እሱ ነበር። ዓመታት አልፈው ለሕክምና ትምህርት ቤት ቃለ መጠይቅ ስቀርብ ጠያቂዋ ሐኪም ግማሹን ሰዓት የፈጀችው በዚያ ወረቀት ላይ ነው። ስለ ዕፅዋት ፊዚዮሎጂ ትንፍሽ አላለችም።

ይህን ስል ግን ታሪክን ለየት ብሎ ለመታየት የሚመርጡትን እያበረታታሁ አይደለም። እንደዚያ ያደረጉ አጋጥመውኛል፤ ያልወደዱትን ሁለት መቶ ገጽ በየሳምንቱ ማንበብ ሲያቅታቸው በሁለቱም በኩል ወደቁ። ልጅዎ ሳይታዘዙ የታሪክ መጽሐፍ ይዘው ከሚያመሹት ከሆነች ታሪክ ይጠቅማታል። ኤምካት ከተባለው የመግቢያ ፈተና አራት ክፍሎች አንዱ ሙሉ በሙሉ የንባብ ነው፦ 53 ጥያቄ በ90 ደቂቃ፣ ከሥነ ጥበብ፣ ከፍልስፍናና ከማኅበራዊ ሳይንስ በተውጣጡ ጽሑፎች ላይ። በባዮሎጂ ብቻ ያደግን ሰዎች እዚያ ላይ ላባችን ጠብ ይላል።

የጊዜው ጉዳይ ግን ቀልድ የለውም። ጠቅላላ ኬሚስትሪ ሳያልቅ ኦርጋኒክ አይጀመርም፣ ከኦርጋኒክ በፊትም ባዮኬሚስትሪ አይወሰድም፤ ተደምሮ ወደ አምስት ሴሚስተር ነው። ከኮሌጅ በቀጥታ መሻገር ከፈለገች ኤምካትን በሦስተኛ ዓመቷ ጸደይ ላይ ተፈትና ማመልከቻውን በዚያው ግንቦት መጨረሻ አካባቢ ማስገባት ይኖርባታል። አንድ ዓመት ከዘገየችም ዓለም አይጠፋም፤ ብዙዎች ተመርቀው አንድ ሁለት ዓመት ሠርተው ነው የሚያመለክቱት።

«ባይሳካስ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ልክ ነዎት፤ በየዓመቱ ከሚያመለክቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚያ ዓመት አይገቡም። የባዮሎጂ ባችለር ብቻውንም ቢሆን የሚያመጣው ደመወዝ ጓደኞችዎ እንደሚያስቡት አይደለም። የማመልከቻው ወጪ ካሳሰበዎት ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች የክፍያ ድጋፍ አለ፤ የኤምካትን ክፍያ ይቀንሳል፣ ልጅቷ ለፈተናው ከመመዝገቧ በፊት ትጠይቅ።

አሁን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። የሚመጣውን እሑድ ቡናው ከፈላ በኋላ ልጅዎን የሚቀጥለውን ሴሚስተር ምዝገባዋን እንድታሳይዎ ይጠይቋት። ኬሚስትሪ ከነላቦራቶሪው እዚያ ላይ ካለ፣ ስለ ታሪኩ ትንገርዎት፣ እርስዎም ያዳምጧት። ከሌለ ግን መልሰው ይጻፉልኝ።