መልስ፦ ሥራ ስጀምር የታለበ የጡት ወተት ስንት ሰዓት ይቆያል?

እህቴ፣ ልጅሽ ገና 4 ወሩ ስለሆነ ለሥራ ብለሽ የዱቄት ወተት አትጀምሪለት፤ ውሃም ቢሆን እስከ 6 ወሩ አያስፈልገውም። እጅሽን ታጥበሽ፣ ተቀቅሎ በቀዘቀዘ ክዳን ባለው ዕቃ እለቢ። አውራ ጣትና ሌባ ጣትሽን በጥቁሩ ክብ ዳር አድርገሽ መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ከዚያ ጭመቂ፤ ጫፉን መጎተት ያቆስላል እንጂ ወተት አያወጣም።

ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። የፍሪጁ በር ላይ ግን አይሆንም፣ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። ቅባቱ ከላይ ቢንሳፈፍ ተበላሸ ብለሽ እንዳትደፊው (ብዙዎች ይደፉታል)፤ ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ ይበቃዋል። ሞግዚቷ እሳት ላይ አትጣደው፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ታቁመው፤ ከጡጦ ይልቅ በንጹሕ ሲኒ ብታጠጣው ይሻላል። መሥሪያ ቤትም በየ3 ሰዓቱ እለቢ፤ ካልታለበ ጡትሽ ይወጠራል፣ ወተቱም እያደር ይቀንሳል።