ካሳቫ ላይ የሰፈረው ባለቀለም ፌንጣ የበረሃ አንበጣ ነውን?

«ቢጫና ጥቁር ፌንጣ ካሳቫዬን ወርሮታል፤ የበረሃ አንበጣ ይሆን? ምንስ ልርጭበት?» ብለው ለጠየቁት፣ በምዕራብ አፍሪካ የካሳቫ ማሳዎች ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት ካየሁት ተነሥቼ ልመልስ።

ከጥያቄው ጋር በላኩት ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው የበረሃ አንበጣ ሳይሆን ዞኖሴረስ ከሚባለው ወገን የሆነ ፌንጣ ነው። ወገኑ 2 ዝርያዎች ሲኖሩት፣ ቫሪጌተስ የሚባለው በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ፣ ኤሌጋንስ የሚባለው በደቡብና በምሥራቅ አፍሪካ ይኖራል። አንቴናውን ቀረብ ብለው ቢያዩት በጥቁሩ ላይ ብርቱካንማ ቀለበት ያገኛሉ፤ ስሙም ከግሪክኛ ሲፈታ «ባለ መቀነት ቀንድ» ማለት ነው። አብዛኞቹ ክንፋቸው አጭር በመሆኑ መብረር አይችሉም፤ ስለዚህ እርስዎ ማሳ ላይ ያሉት ከሩቅ የመጡ ሳይሆኑ እዚያው አጠገብ የተፈለፈሉ ናቸው።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት የረጨሁት ትልልቆቹን ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ቅጠሉን ጨርሰው የግንዱን ልጣጭ እየፋቁ ነበር፣ እንቁላላቸውም አፈር ውስጥ ገብቶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መርጨቱን ትቼ የሚጥሉበትን ቦታ ፈለግሁ። በደቡባዊ ናይጄሪያ መጋቢትና ሚያዝያ አካባቢ ሴቶቹም ወንዶቹም በማሳው ዳር ባለ ጥላማ ቁጥቋጦ ሥር፣ በተለይም ክሮሞሌና በሚባለው ከአሜሪካ የመጣ አረም አካባቢ ይሰበሰባሉ፤ ሴቷ ሆዷን አፈር ውስጥ ሰክታ እንቁላሏን በአረፋ ሸፍና ትጥላለች። ቦታውን በእንጨት ምልክት አድርጌ ከቆየሁ በኋላ በዶማ ገልብጬ እንቁላሉን ለፀሐይ አጋለጥሁት፤ እንቁላሉ ክረምቱን ሙሉ ለወራት አፈር ውስጥ ስለሚቆይ የሚያጣድፍ ነገር የለም። ጥቅምት ላይ በዚያ በኩል የወጣው ኩብኩባ ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ነበር። ጎረቤትዎ ካልቆፈረ ግን የእርሱ ኩብኩባ በእግሩ ወደ እርስዎ ይመጣል።

አሁን ለተፈለፈሉት፣ ኩብኩባዎቹ ማታ ማታ አረም ጫፍ ላይ ተከማችተው ስለሚያድሩ ማለዳ ሳይሞቃቸው አራግፎ ከረጢት ውስጥ ማስገባት ይቻላል። መርጨት ግድ ከሆነም ክምችቱን ብቻ እንጂ ማሳውን በሙሉ አይርጩ።

በባዶ እጅ ባይነኳቸው ይሻላል። አንዱን ስይዝ ከጀርባው የወጣው ፈሳሽ ሽታ እጄን ታጥቤም አልለቀቀኝም። ከክሮሞሌና አበባ የሚወስዱትን መርዛማ ንጥረ ነገርም በሰውነታቸው ስለሚያከማቹ ለዶሮ መኖነት አልመክራቸውም።