ከሞዴሉ በፊት ሌብሉን አስቢ

እህቴ፣ «የጥናት አብስትራክት (የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ) ዓረፍተ ነገሮችን ዳራ፣ ዓላማ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ መደምደሚያ ብሎ የሚለይ ሲስተም ለቴሲሴ ልሠራ ነው፤ ከየትኛው ሞዴል ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ጎንደር ማስተርሴን የሠራሁት በዚሁ ርዕስ ስለሆነ ልንገርሽ፦ ከሞዴሉ በፊት ሌብሉን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የሚሰጠውን የምድብ ስም፣ አስቢ።

1. ሞዴሉ አያስጨንቅሽ። ሳይበርት (SciBERT) የሚባለው የቋንቋ ሞዴል ከ2019 ጀምሮ በነጻ ይወርዳል፤ የሠለጠነውም በሳይንሳዊ ጽሑፎች ነው። ለማሠልጠኛ ከፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች የኢንተርኔት ማውጫ) የተሰበሰበው የ2017ቱ ዳታ አለልሽ። ወደ 200 ሺህ አብስትራክት ስለሆነ 20 ሺህ አብስትራክት ባለው ትንሹ ቅጂ ጀምሪ። መብራት ሲሄድ ልፋትሽ እንዳይቀልጥ ቼክፖይንት (ሞዴሉ እስከዚያ የተማረውን የሚይዝ ፋይል) ቶሎ ቶሎ አስቀምጪ።

2. የአገር ውስጥ ዳታ ከፈለግሽ ቢሮ ለቢሮ አትንከራተቺ። እኔ የተመራቂዎችን አብስትራክት በሶፍት ኮፒ ልጠይቅ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊዋ ቀና ብላ ሳታየኝ «ደብዳቤ!» አለችኝ። ደብዳቤውን ይዤ ስመለስ «ማኅተሙ አይነበብም»። ሌላ አጽፌ ስመጣ «ስብሰባ ላይ ነን»። አብስትራክት እኮ ሰው እንዲያነበው የሚጻፍ ነገር ነው! እስካሁን ያንገበግበኛል። በመጨረሻ ከማራኪ እስከ ፋሲል ካምፓስ እየዞርኩ ከተመራቂዎቹ ከራሳቸው ለመንኩ። አንዳቸውም እምቢ አላሉኝም። አንቺም በቀጥታ ጸሐፊዎቹን ጠይቂ።

የፐብሜዱ ዳታ አዘጋጆች ሌብሉን ያገኙት የአብስትራክቶቹ ጸሐፊዎች ራሳቸው ከጻፏቸው ንዑስ ርዕሶች ነው። የጤና ተማሪዎች አብስትራክትም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ስለሚጻፍ ሌብሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል። የሌሎች ትምህርት ክፍሎች ግን አንድ ወጥ አንቀጽ ነው፤ ሰው ቁጭ ብሎ ሌብል ማድረግ አለበት። እኔ አንድ ነርስና አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ለምኜ አስቀመጥኩ። «የደም ግፊት በአካባቢው በስፋት ይታያል» የምትል ዓረፍተ ነገር ላይ ተጣሉ። ነርሷ ዳራ ነው አለች፣ መምህሩ ውጤት ነው አለ። ብቻዋን ካየሻት ሁለቱም ልክ ናቸው! የሚለያት ከእሷ በፊት የተጻፈው ነው። ከናሙናውና ከትንተናው በኋላ ከመጣች ውጤት ናት። ስለዚህ ለሰውም ለሞዴሉም ሙሉ አብስትራክቱን ስጪ። ተመራማሪዋ ሲሞኔ ቶይፈልም በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤዲንብራ ላይ ይህን መሰል ሥራ ስትሠራ ዓረፍተ ነገሩ የሚገኝበትን ቦታ እንደ አንድ መለያ ተጠቅማበታለች።

ያን ክርክር በመመሪያ ጻፍኩት። እንደገና ሌብል አስደርጌ የሁለቱን ስምምነት በካፓ (በአጋጣሚ የሚመጣውን ስምምነት ቀንሶ በሚያሰላ መለኪያ) ለካሁ። ዲፌንስ (የቴሲሱ የቃል ፈተና) ላይ ፈታኙ ሞዴሉን ትቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ ካፓውን ነበር። መልሱ በእጄ ስለነበር ኮራሁ።

አንድ ልጨምርልሽ፦ ማሠልጠኛና መፈተኛውን ስትከፍዪ በአብስትራክት ክፈዪ። በዓረፍተ ነገር ከከፈልሽው የአንዱ ጽሑፍ ግማሽ ወዲህ ግማሽ ወዲያ ይገባና ውጤትሽ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። መመሪያዬን ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።