ድምፁ ከምስሉ ጋር አልገጥም ላለህ
ወንድሜ፣ ጅማ በስልክ የቀረፅከውን ሰርግ በሰከንድ ወደ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስትቀይረው መጀመሪያው ደህና ሆኖ መጨረሻው ላይ ድምፁ ከከንፈር ጋር አይገጥምም፣ ምስሉም ይንገጫገጫል ብለሃል። ኮምፒውተርህን አትውቀስ። የድምፁ ችግር የስልኩ ፋይል ነው፣ የመንገጫገጩ ደግሞ ወደ 25 መቀየርህ።

ስልክ ፍሬሙን እኩል አይቀርፅም። 30 ይልሃል እንጂ ብርሃን ሲያንሰው ወይም ስልኩ ሲግል ይቀንሳል፣ መልሶ ይጨምራል። አንዳንድ የኤዲቲንግ ፕሮግራም ደግሞ እኩል ነው ብሎ ይቆጥረዋል፣ በዚያው ድምፁ ትንሽ በትንሽ ይሸሻል። ፋይሉን ሚዲያኢንፎ በሚባለው የፋይል መረጃ ማሳያ ፕሮግራም ክፈተው፤ ፍሬም ሬት ሞድ የሚለው ጋ ቫሪያብል (ተለዋዋጭ) ካለ በቃ እሱ ነው።

ኤዲት ከማድረግህ በፊት ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም አሳልፈው። ቪዲዮ የሚለው ታብ ውስጥ ኮንስታንት ፍሬምሬትን (የማይለዋወጥ የፍሬም ብዛት) ምረጥ፣ ቁጥሩን ግን 30 አድርገው፣ ፕሮጀክቱንም እንደዚያው። 25 አታድርገው! ከ30 ወደ 25 ስትወርድ በየሰከንዱ 5 ፍሬም ይጣላል፣ መንገጫገጩ የሚመጣው ከዚያ ነው። እኔም ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግቢ ያነሳሁትን የሙሽሮች እርምጃ እንዲሁ አበላሽቼው ሙሽራዋ በየእርምጃዋ ቆም ቆም የምትል መሰለች፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

በሰከንድ 29.97 እና 30 ፍሬምን ደግሞ አንድ ናቸው ብለህ አትለፍ። አንዱ እንደሌላው ከተነበበ በ1 ሰዓት 3.6 ሰከንድ ያህል ይዛባል።

ለሚቀጥለው፣ ስልኩ ከፈቀደልህ ከመነሻው 25 ላይ ቅረፅ፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርገህ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አዳራሽ ውስጥ ብልጭ ድርግም የሚለውም ይቀርልሃል። ኦሪጅናሉን ፋይል ግን አደራ፣ እንዳታጠፋው።