የአንባብያን ጥያቄ፦ ድሪቶ ሳይሰፋ ይታጠብ ወይስ ተሰፍቶ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ለልጄ የሠርግ ስጦታ የሚሆን ድሪቶ ብርድ ልብስ ልሰፋ ብዬ ከጅማው ሂርማታ መርካቶ ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊና ነጭ የጥጥ ጨርቅ ገዛሁ፤ ለገበር ደግሞ አቡጀዲ። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ «አዲስ ጨርቅ ታጥቦ አይሰፋም፤ ይልፈሰፈስብሻል» ይላሉ። ጎረቤቴ «በጨው ዘፍዝፊው፣ ቀለሙ ይቆማል» ትላለች። የማንን ልስማ? (ከጅሬን)

መልስ፦ ይታጠብ፤ በጨው ግን አይደለም።

ልብስ ሰፊው ያለ ነገር አልተናገሩም። አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ የተቀባው ማጠንከሪያ ቀጥ አድርጎ ስለሚይዘው ለመቁረጥ ይመቻል፤ ሲታጠብ ይለሰልስና ከመቀስ ስር ይሸሻል። ለእሱ መላ አለው፣ እንመጣበታለን። የእርስዎ ችግር ቀዩ ከነጩ ጎን መሰፋቱና ገበሩ አቡጀዲ መሆኑ ነው።

ጥጥ የሚሸመነውም በጣቃ የሚጠቀለለውም ተወጥሮ ነው። ውሃ ሲነካው ውጥረቱ ይለቅና ይሰበሰባል። ተራ የጥጥ ጨርቅ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይቀንሳል፤ አቡጀዲ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል፤ ፖሊስተር ከነልኬቱ ይቆያል ማለት ይቻላል። 2 ሜትር ከ40 የሆነ ገበር 5 በመቶ ሲሰበሰብ 12 ሳንቲሜትር ይጎድለዋል። ላዩ ባለበት ቆሞ ገበሩ ብቻ ሲያጥር ድሪቶው በየስፌቱ መሃል ያብጣል፣ ጠርዙም ይሸበሸባል። ስለዚህ ወይ ሁሉም ይታጠባል፣ ወይ አንዱም አይታጠብም። ጨርቁ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ቀለሙም ፈዛዛ ሲሆን ሳይታጠብ ቢሰፋ አያሳፍርም፤ ኋላ ሲታጠብ እኩል ተሸብሽቦ የቆየ ድሪቶ ይመስላል፣ ይህን መልክ የሚወዱም አሉ። ለሠርግ ግን አንመክርም።

ገና የሚገዙት ካለ በየ5 ሜትሩ 25 ሳንቲሜትር ይጨምሩ። ጥርጣሬ ካለዎት 50 በ50 የሆነ ቁራጭ ቆርጠው በሙቅ ውሃ አጥበው፣ አድርቀውና ተኩሰው ይለኩት። 48 ከሆነ 4 በመቶ ሄዷል ማለት ነው። ሁለቱንም አቅጣጫ ይለኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ በድሩ በኩል የሚሰበሰበው ከማጉ ይበልጣል።

ወደ ጨው እንምለስ። ጨው ፋብሪካ ውስጥ ጥጥ ሲነከር ቀለሙ ወደ ክሩ እንዲገባ ይረዳል፤ ተነክሮ ያለቀን ጨርቅ ቀለም ግን አያስርም። አቼቶም እንደዚያው። ከቀይና ከጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ የሚለቀው ከክሩ ጋር ሳይያያዝ የተረፈው ቀለም ነው፤ መፍትሔውም ሰፊ ሳፋ፣ እጅ የሚችለው ያህል ሙቅ ውሃና የዱቄት ሳሙና ይዞ አጥቦ መጨረስ ነው። ቀዩ ለብቻው፣ ሰማያዊው ለብቻው፣ ውሃው ጥርት እስኪል ይደጋገም። ከዚያ ነጭ ጨርቅ አርጥበው እርጥቡ ቀይ ላይ ያስቀምጡና በካውያ ይጫኑት። ነጩ ሮዝ ካለ ገና ነው። ከአራት አምስት እጥበት በኋላም ከለቀቀ ያን ጨርቅ ከነጭ ጎን አይስፉት፤ ለትራስ ልብስ ይሁን።

ከማጠብዎ በፊት አራቱን ማዕዘን ወደ 1 ሳንቲሜትር ያህል በሰያፍ ይቁረጡ፤ ክሩ የሚተረተረው ይቀንሳል። የተቆረጠውን ጫፍ በመኪና ዚግዛግ ቢያስኬዱለት ደግሞ ጭራሽ ይቆማል። ጨርቁን ዘርግተው እንጂ አጣጥፈው አይዘፍዝፉ፤ እጥፋቱ ላይ ነጣ ያለ መስመር ሊቀር ይችላል። ትንሽ እርጥበት እያለው ይተኩሱት። የጠፋውን ጥንካሬ ለመመለስ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው፣ ግማሽ ሊትር የሚፈላ ውሃ ላይ ጨምረው ያማስሉ፤ ሲበርድ ረጭተው ይተኩሱ። ልብስ ሰፊው የሚፈልጉት ጨርቅ ይኸው ነው። ስታርች ያለበት ጨርቅ ግን ነፍሳት ስለሚስብ ለወራት አይቀመጥ።

ከሰልባጅ ሸሚዝ የሚቆረጥ ከሆነ ልፋቱ ያንሳል፤ ብዙ ጊዜ ስለታጠበ ተሰብስቦ አልቋል። ለቆሻሻው አንዴ ማጠቡ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጥጥ የተሞላ ድሪቶ ባለፈው ነሐሴ አጥቤ ገመድ ላይ አሰጣሁት። ጥጡ ወደ አንድ ጥግ ተንዶ ተጓጎለ፣ ጠረኑም አልለቅ አለ። መዳኛ አለው? (ከቦሳ አዲስ)

መልስ፦ አለው። ጥጡ የተናደው የስፌት መስመሮቹ ስለተራራቁ ነው። በጅ የተነደፈ ልቅ ጥጥ ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር ልዩነት መስመር ይፈልጋል፤ ፋይበር (ሰው ሠራሽ ሙሌት) 10 ሳንቲሜትርም ይችላል። አንዱን ጠርዝ ፈተው ጥጡን በጣት እየበታተኑ ያስተካክሉ፣ በትልልቅ ስፌት ወስውሰው ይያዙት፣ ከዚያ በመሃል በመሃሉ አዲስ መስመር ይጨምሩ።

ጠረኑ የነሐሴ ነው። ጅማ ላይ በዚያ ወር ወፍራም ነገር ከማድረቅ ቡና ሳያሻግቱ ማድረቅ ይቀላል! ጥጥ ውስጡ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ እርጥብ ከቆየ ይሻግታል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ፀሐያማ ጠዋት እንደገና ይጠቡት። ሳፋ ውስጥ በእግር ቀስ ብለው ይርገጡት፤ አይሹት፣ አይጠምዝዙት። ውሃ የጠጣ ጥጥ ከባድ ነው፤ በአንድ ጫፍ ሲያነሱት ክሩን የሚበጥሰው የራሱ ክብደት ነው። ከስሩ አንሶላ አንጥፈው ለሁለት ሆናችሁ አንሱት። ውሃው በጣት መሃል ሳሙና ሳሙና ማለት እስኪተው ያለቅልቁ፤ በመጨረሻው ማለቅለቂያ አንድ ብርጭቆ አቼቶ ቢጨምሩ ለጠረኑ ይረዳል። በረኪና አይጠጋው፤ ቀለም ይበላል፣ ጥጥ ያደክማል፣ ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለም መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

በአንድ ገመድ አያንጠልጥሉት። ንጹሕ ሣር ላይ አንሶላ ዘርግተው፣ ቀለም ያለውን ፊት ወደ ታች አድርገው ያስጡት፤ በየሁለት ሰዓቱ ይገልብጡት። መድረቁን ለማወቅ ወፍራሙን ጥግ በሁለት መዳፍ ጨምቀው ይያዙ፤ ከቀዘቀዘዎት ውስጡ እርጥብ ነው። ፌስታል ውስጥ አያስቀምጡት፤ አሮጌ የትራስ ልብስ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ነጩ ላይ ቡና ፈሶበታል። (ከጊንጆ)

መልስ፦ ሳይደርቅ ቀዝቃዛ ውሃ ከጀርባው በኩል ያፍስሱበት፣ ከዚያ ፈሳሽ ሳሙና ቀብተው ሩብ ሰዓት ያቆዩትና ያለቅልቁት። ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ካውያ አይንካው።